ግድቡ የገላ ውኃ አያሞቅልንም

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀበት ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ጥያቄ አንድ መልስ ተገኝቷል፤ «ግድቡ አልቆ የለም እንዴ?» ከሰል ተወደደ ሲባል እሱ ነው። ለጄነሬተር ናፍጣ ጠፋ ሲባልም እሱ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ እድርተኛው ተሰብስቦ «ለበዓሉ በመርጃ ማዕከሉ ያሉትን አረጋውያን ልንጠይቅ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?» ሲባባል፣ ሳሙናው፣ ዳይፐሩ፣ ዘይቱና ብርድ ልብሱ ከተቆጠረ በኋላ አንድ ደፋር ተነሥቶ «ለምን ተዋጥተን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ አንተክልላቸውም?» ቢል የሚጠብቀው መልስ ያው ነው። ግድቡ አልቆ ሶላር? ደግሞስ ሙቅ ውኃ የቦሌ ቪላ ቅንጦት አይደለም? ሰዎቹ የሚበሉትና የሚጠለሉበት ካገኙ ምን ጎደላቸው?

እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከደመወዛቸው ቆርጠው ቦንድ የገዙ፣ አሥራ አራት ዓመት በትዕግሥት የጠበቁ ናቸው፤ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ደረታቸውን ቢነፉ ማን ይፈርድባቸዋል? ደስታቸውን እጋራለሁ፤ የማልቀበለው ከደስታው ተነሥተው የሚደርሱበትን መደምደሚያ ነው። አረጋውያንና ሕሙማን ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ከአምፖል ብርሃን እጅግ የበለጠ የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ የገላ ውኃ ሙቀት፣ የልብስ ማጠቢያ ሙቀት፣ የምጣድ ሙቀት። ከእነዚህ የመጀመሪያው ግድቡ ካለበት ከጉባ ድረስ በሽቦ ተጎትቶ የሚመጣበት ምክንያት የለም። በየቀኑ ጣሪያው ላይ ይወድቃል። ይህን ትቶ «መብራቱ ይበቃናል» እያሉ መቀመጥ ደካሞቹን በብርድ ማቆየት ነው እላለሁ፤ ለምን እንደምል ላስረዳ።

በበዓል ቀን ማዕከሉን የጎበኘ ሰው የሚያየው የተነጠፈ አልጋና የምግብ ሰልፍ ነው። ተንከባካቢዎቹ የሚያውቁት ሌላ ሰዓት አለ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ሌሊቱን አልጋቸው ላይ ያመለጣቸው አባት ይነሣሉ። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የያዘባቸው እናት በሁለት ሰው ተይዘው ይገላበጣሉ። ትናንት ከመንገድ የተነሡት ሌላው ደግሞ፣ ወራት ውኃ ያልነካው ገላቸው ገና በሳሙና እየታሸ መለስለስ አለበት። ከዚያ አንሶላው፣ ከዚያ ጨርቁ፣ ከዚያ ወለሉ። ቁርስ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ የውኃ ሥራ ነው።

ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ተንከባካቢዋ ያላት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው በቀዝቃዛው ማጠብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የታኅሣሥ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃም ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰውነት ሙቀቱን አንዴ ካጣ መልሶ ለማግኘት አቅም ያንሰዋል። አእምሯቸው የታወከ ደግሞ በምን ጥፋት በብርድ እንደሚቀጡ ስለማይገባቸው ይታገላሉ፣ ይጮኻሉ፣ በማግሥቱ ባልዲ ሲያዩ ይሸሻሉ። ሁለተኛው ምርጫ «ትንሽ ፀሐይ ትውጣ» ብሎ ማቆየት ነው። ሽንት ውስጥ የቆየ ቆዳ ይረጥባል፣ ይላላል፤ ተረከዝ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ አጥንቱ አልጋውን በሚጫንበት ቦታ ላይ ይላጣል። የአልጋ ቁስል የሚባለው እንዲህ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፋሻ፣ አንቲባዮቲክ፣ አምቡላንስና የሆስፒታል ወረፋ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ «የቀዝቃዛ ውኃ ወጪ» ተብሎ አይጻፍም። ስለማይጻፍም የለም እንላለን።

ስለዚህ «ምን ጎደላቸው» ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ መታጠብ ጎደላቸው። ይዘንላቸው የምንሄደው ብርድ ልብስ ያልታጠበ ገላ ላይ ከተደረበ ከሙቀቱ ጋር ሽታውም ቁስሉም አብሮ ያድራል።

ሙቅ ውኃ ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ፣ ከየትም ከተማ ይልቅ በዚህች ከተማ መነገሩ ይገርመኛል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በሙቅ ውኃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃውን ባይወዱት፣ አጠገቡም ቤት ባይሠራ ኖሮ 1879 ዓ.ም. የከተማዋ የልደት ዘመን ባልሆነ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው፣ ከገጠር ለሕክምና የመጣው ሁሉ ፍል ውኃ ሲወርድ ኖሯል፤ «ቅንጦተኛ» ብሎ የሰደበው የለም። እናቶችም የሕፃን ገላ የሚያጥቡበትን ውኃ በሳፋ አድርገው ፀሐይ ላይ ያስቀምጣሉ። ይህን ለማየት ከልደታ የድሮ ግቢዎች ወደ አንዱ ጎራ ማለት ይበቃል። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ማለት ይኸው ሳፋ ነው፤ ጥቁር ተቀብቶ፣ መስታወት ለብሶ፣ የሞቀው ውኃ ሌሊቱን እንዳይቀዘቅዝ በወፍራም ሽፋን ተጠቅልሎ። ቅንጦት ያስመሰለው የተተከለበት ቦታ ነው፤ ያየነው በሲኤምሲ ቪላዎችና በሆቴሎች ጣሪያ ላይ ነዋ። ባለጸጋው ቀድሞ ስለገዛው የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ፤ የቅንጦት ወሬ የሚረግበው በቁጥር ነው። መቶ ሰው የሚኖርበት አንድ ማዕከል እናስብ። ለአንድ ሰው ለገላና ለጨርቅ በቀን 30 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ብንመድብ፣ ይህም ሁለት ጀሪካን የማይሞላ ነው፣ በጠቅላላው 3,000 ሊትር ይሆናል። ውኃውን ከ17 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። በዓመት ከ29 ሺህ በላይ ማለት ነው።

ይህን በማገዶ እናድርገው ካልን፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ከተቃጠለው እንጨት ሙቀት ውኃው ጋ የሚደርሰው ከመቶ አሥር ወይም አሥራ ሁለት እጅ ያህሉ ነው፤ ሌላው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ በየቀኑ አንድ ኩንታል ተኩል እንጨት መንደድ አለበት። ያ እንጨት የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው በደካማ ሴቶች ጀርባ ነው። ደካማን ለመርዳት ሌላ ደካማ ማጉበጥ።

በኤሌክትሪክ ከሆነ 80 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ውኃው የሚፈለገው ቀኑን ሙሉ ተበትኖ ሳይሆን ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ሰዓት ውስጥ ለማሞቅ 27 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ስምንት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ያህል። ያም የሚሆነው ሰፈርተኛው ሁሉ ምድጃውንና ሻወሩን በሚከፍትበት ሰዓት ነው። «ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል» የሚለው ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከጉባ የተነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተጉዞ ሆለታ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰብስቴሽን፣ ከዚያ የከተማ መስመር፣ ከዚያ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ቆጣሪው። በድሮ ሰፈር ያደገ ሰው የትኛው እንደሚበጠስ ያውቃል። መብራት ሲሄድ ማንም ወደ ጉባ አይመለከትም፤ ቀና ብሎ የሚያየው ምሰሶውን ነው። ግድቡ ቢታጠፍ፣ ሁለተኛ ግድብ ቢጨመር፣ ያ ምሰሶና ያ ትራንስፎርመር ካልተለወጡ ንጋት ላይ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያለው ሰው የዛሬን ማከፋፈያ መስመር ሳያይ የተናገረው አይመስልም።

በፀሐይስ? አዲስ አበባ ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በአማካይ በቀን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያንስ ጨረር ያገኛል። ከዚህ ውስጥ ደህና ማሞቂያ ግማሽ ያህሉን ወደ ውኃው ያስገባል። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ሰብሳቢ መቶ ሊትር ያህል ውኃ 60 ዲግሪ ያደርሳል ማለት ነው። ለመቶ ሰው ማዕከላችን ብክነቱን ጨምረን 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይበቃል። ደግሞም ታንከሩ ከሰብሳቢው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፕ አያስፈልግም፤ የሞቀው ውኃ ቀልሎ በራሱ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ቀን የሞቀው ውኃ ለንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተዘጋጅቶ ያድራል።

«ክረምቱስ?» ይባላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ተከድኖ ይውላል፤ ማሞቂያው የተወሰነውን ይሸፍናል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ታንከሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብረት የሚገባውም ለዚህ ነው። ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ። ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ነው። ፀሐይ ስትደክም ውኃው ይተርፋል፤ ውኃው ሲጎድል፣ ማለትም በበጋው መጨረሻ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ብርዱም ቢሆን የሚበረታው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ ስለጠራ፣ በማግሥቱ ቀኑ የሚሞቀውም በዚያው ምክንያት ነው። ፀሐይና ግድብ ጠላቶች ናቸው ያለን የለም። እኔ የምለው ፀሐይ የዕለቱን ሥራ ትሥራ፣ ግድቡ ደግሞ ተጠባባቂ ይሁን ነው። የተለመደው አስተሳሰብ ይህን ገልብጦታል፤ ፀሐይን የሚያስታውሳት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ዝናብ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀምሰነዋል። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ ጎድሎ ከተማው በፈረቃ መብራት ሰነበተ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ ፈረቃው ተመለሰ። ያኔም «ጊቤ ሦስት ካለ ምን ጎደለ» እንል ነበር፤ 1,870 ሜጋ ዋት ነው ብለን። ድርቅ ባለበት ዓመት ደመና ያንሳል። ደመና ሲያንስ ጣሪያ ላይ ያለው ማሞቂያ ከመቼውም በላይ ይሠራል። ለዓመታት ከአልጋ የማይወርዱ ሰዎችን የሚያኖር ቤት ሁለቱን ምንጮች አንድ ላይ እንዲይዝ መመኘት የኢንጂነር ቅብጠት ነው? ሆስፒታል ጄነሬተር ሲገዛ እንዲህ የሚል የለም።

ርካሽ ነው ስለሚባለው መብራትም ጥቂት ልበል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ፣ አራት ዓመት እንዲጓዝ ተወስኗል። ጭማሪው ስሕተት ነው አልልም፤ መሥመሩን ለመጠገን ገንዘብ ያስፈልጋል። ይሁንና በልገሳ የሚተዳደር ማዕከል ለወር ቆጣሪው የሚከፍለው እያንዳንዱ ብር የአንድ ሰው እንጀራ ወይም መድኃኒት ነው። ዛሬ ርካሽ ነው ብሎ ቦይለር የሚደረድር ማዕከል የነገውን ታሪፍ በፊርማው ተቀብሏል። ትርፍ ነው የሚባለው ኃይልም ያን ያህል ትርፍ አይደለም። ለጂቡቲ፣ ለኬንያና ለሱዳን በውጭ ምንዛሪ ይሸጣል፤ በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ከተማውን ሞልቶታል፤ ቢትኮይን የሚያመርቱት ድርጅቶች ደግሞ ብዙውን ስለጠጡት ለአዳዲስ ጠያቂዎች «በቃ» ተብሏል። ከአገሪቱ ሕዝብም ግማሽ ገደማው ገና አምፖል አላበራም። ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኃይል ሞተር የሚያዞር፣ ማሽን የሚያስነሣ፣ ኮምፒውተር የሚያሠራ ነው። እሱን አምጥቶ ውኃ ለብ ማድረጊያ ማድረግ የባለሙያ ጉልበት ለድንጋይ ማመላለሻ መቅጠር ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ከልቤ አከብራለሁ። «የፀሐይ ፓነል እጅግ ረክሷል፤ ለምን በፓነሉ ኤሌክትሪክ አምርተን ቦይለሩን አናሞቅበትም? ቧንቧ አይዝግ፣ ውኃ አያፈስ» የሚሉ ወጣት ቴክኒሻኖች አሉ። ፓነል ከጨረሩ ወደ ኃይል የሚለውጠው ከመቶ ሃያ ገደማውን ነው፤ ውኃ ማሞቂያው ግማሹን። ስለዚህ ጣሪያ በጠበበበት ቤት ማሞቂያው ይሻላል። ጣሪያው ሰፊ በሆነበት፣ ውኃው ጨዋማ ሆኖ ቧንቧ በሚደፍንበት ቦታ ግን የእነሱ ሐሳብ ሊያሸንፍ ይችላል። አሸነፈም አላሸነፈም ክርክሩ ጣሪያው ላይ ነው። «ግድቡ ይበቃል» ከሚለው ጋር ዝምድና የለውም።

ከሁሉም በፊት ግን መቅደም ያለበት ቁጠባው ነው፤ እዚህ ላይ የሶላር ወዳጆችንም እወቅሳለሁ። ማሞቂያው ተገዝቶ፣ ከጣሪያ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አርባ ሜትር ቧንቧ ሳይሸፈን ከተዘረጋ፣ የመጀመሪያው ባልዲ እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ውኃ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ የሞቀውም መንገድ ላይ ይበርዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ኃጢአት ነው። መታጠቢያው ከታንከሩ ሥር ይሁን፤ ቧንቧው ይጠቅለል፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገን። ውኃ ራሱ የሌለበት ማዕከል ደግሞ ስለማሞቂያ ከማውራቱ በፊት ሁለተኛ ሮቶ ይግዛ፤ የጣሪያውን ዝናብ ያጥምድ።

የሙቀቱ ልክም ቀልድ አይደለም። ታንከር ውስጥ ያለው ውኃ 60 ዲግሪ ካልደረሰ ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ ሳንባ የሚያጠቃው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ በ60 ዲግሪ ውኃ ደግሞ የአረጋዊ ስስ ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ይቃጠላል። እግሩ የማይሰማው ሰው ወይም መናገር የማትችል እናት እስኪጮኹ መጠበቅ አይቻልም። መፍትሔው ሙቁንና ቀዝቃዛውን ራሱ የሚያደባልቅ ቫልቭ ከመታጠቢያው በፊት መግጠም ነው። እንግሊዞች በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ገላ መታጠቢያ ላይ ውኃው ከ44 ዲግሪ እንዳያልፍ ያደርጋሉ። እኛ ጋ ይህን ሥራ የምትሠራው የተንከባካቢዋ ክርን ናት፤ ባልዲው ውስጥ እየነከረች። ክርኗ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ሴት ክርን ነው።

ቁጠባ ሲባል ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ሳያንኳኩ ማለፍ አይገባም። የማዕከሉ ትልቁ ኃይል በላተኛ ምጣዱ ነው። ይህች አገር በዚህ ረገድ ለማንም የምታስተምረው ነገር አላት። ምርጥ ምጣድ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ላቀች ምድጃ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ሁለቱም እዚሁ የተሠሩ፣ በሸክላና በሲሚንቶ፣ በሰፈር ባለሙያ እጅ የሚመረቱ ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. ፈረቃ በኋላም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በአሮጌው አምፖል ልዋጭ ታድለው የምሽቱን ጫና አቅልለዋል። አምፖል መቀየር እንደ ግድብ ምርቃት ርችት አይተኮስለትም፤ መዝሙርም አልወጣለትም። ሆኖም መብራት ካገኘንባቸው መንገዶች ርካሹ እሱ ነበር።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ ተጉዘዋል፤ አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸዋል፣ አንዳንዶቹ ተሰናክለዋል። እስራኤል ከነዳጁ ቀውስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘች፤ ዛሬ ጣሪያዎቿ በነጭ ታንከር የተሞሉት ለዚህ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች፤ በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ሙቅ ውኃ የሚጠቀም ሕንፃ ከፍላጎቱ ስድሳ በመቶውን ከፀሐይ እንዲያገኝ። ወረቀቱ ላይ ያማረው ደንብ ከቤት አልሚዎች ተቃውሞ ጋር ሲጋጭ ተንገዳገደ። ከደቡብ አፍሪካ የሚወሰደው ትምህርት የበለጠ መራራ ነው፤ መንግሥት በብዛት ያስገዛቸው ማሞቂያዎች የሚተክላቸው ጠፍቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጡ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግን አልተቀጠረም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የዚህ ክርክር ትልቁ ሜዳ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በቤተሰቡ ቤት በጥቂት ሰዎች የጀመረው ሥራ ዛሬ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ያኖራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑ የሕዝቡን ልብ ነክቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማጠናቀቂያ በቀጥታ ሥርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተዋጥቷል። ልጁን ሊድር ያለው፣ ልደት ሊያከብር ያለው፣ ተዝካር ሊያወጣ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። በሰው 30 ሊትር ያልነውን ሒሳብ በ7 ሺህ እናባዛው፤ በቀን 210 ሺህ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይመጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል በቀን 5,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ግማሹን እንኳ ፀሐይ ብትሸፍን በታሪፉ ጭማሪ ልክ የሚድነው ገንዘብ በየዓመቱ እየበዛ ይሄዳል። የመቄዶንያ ስፋት ቁጥሩን አጉልቶ ያሳያል እንጂ ነገሩ በስድስት ኪሎ ለእማሆይ ተሬዛ እህቶችም፣ በየክፍለ ከተማው ለሚገኙ ትንንሽ ማዕከላትም ያው ነው።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲሠራ ለጋሹ የሚጠይቀው ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ስንት አልጋ እንደሚይዝ ነው። ሙቅ ውኃው ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ጥያቄው መምጣት ያለበት ግን ጣሪያው ከመሞላቱ በፊት ነው። ሦስት መቶ ሊትር የያዘ ታንከር ከነውኃው ከሦስት መቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ኮንክሪቱ ያ ክብደት ታስቦ መሞላት አለበት። የሙቅ ውኃ ቧንቧ ለብቻው ከወለሉ ሥር መቀበር አለበት፤ ኋላ ሴራሚኩን እየሰበሩ መቅበር ዋጋው ሌላ ነው። ሰብሳቢዎቹ ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብለው፣ የጎረቤት ፎቅ የማይጋርዳቸው ቦታ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ልደታ ውስጥ በየወሩ አዲስ ፎቅ እየበቀለ ጥላው ስለሚንቀሳቀስ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ስንት መኪና ማቆሚያ እንዳለ ይጠይቃል። ለአረጋውያንና ለሕሙማን ማዕከል ፕላን ሲቀርብለት ስለ ሙቅ ውኃም ይጠይቅ። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ መስመር መጠይቅ ቅጹ ላይ መጨመር ይበቃል።

ዋጋው ይከብዳል የሚለው እውነት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጥቷል፤ ማሞቂያውም አልቀረለትም። ነገር ግን ጠፍጣፋው ዓይነት ሰብሳቢ ምሥጢር የለውም፤ የመዳብ ቧንቧ፣ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ መስታወትና ሳጥን ነው። ብየዳ የሚያስተምር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሊሠራው ይችላል። ከቫኪዩም ቱቦው ዓይነት ትንሽ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል፤ ሲሰበር ግን መስታወቱ መርካቶ ይገኛል። ለማዕከል የምመርጠው ይህን ነው፤ ሻጮቹ ቢቀየሙኝም።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራኝ ከተከላው በኋላ ያለው ነው። መስታወቱ በየሁለት ሳምንቱ ከአቧራ መጠረግ አለበት፤ ታንከሩ ውስጥ የሚከማቸው ዝቃጭ በዓመት አንዴ መውጣት አለበት፤ ቫልቩ መፈተሽ አለበት። ይህ የአንድ ሰው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማዕከሉ ውስጥ ከሚኖሩትና ጉልበት ካላቸው መካከል እጁ ሥራ የሚወድ አንድ ሰው ሠልጥኖ ሊከፈለው ይችላል። ለጋሾች ግን ዕቃ ላይ ስማቸውን ማስጻፍ እንጂ ደመወዝ መክፈል አይወዱም። የሦስት ዓመት የጥገና ክፍያ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር አንድ ላይ ካልተሰበሰበ፣ ይህን ሁሉ የተከራከርኩለት ዕቃ ባይገዛ እመርጣለሁ።